ጥያቄና መልስ፦ ዶክስትሪንጋችሁን ከሰው በፊት ፓይተን ያነበዋል

በዚህ እትም የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ምልክት ዙሪያ ናቸው፤ ባክስላሽ (\)። እኔም ደስ ብሎኛል። ስለ ኮድ ብዙ እናወራለን፤ ኮዱን ለሌላ ሰው ስለሚያስረዳው ጽሑፍ፣ በፓይተን ቋንቋ ዶክስትሪንግ ስለሚባለው፣ ግን ማንም ጉዳዬ ብሎ አይጠይቅም። ለማንበብ እንዲቀል የፈረንጅ ፊደሎቹን በስማቸው እጠራቸዋለሁ። «\ኤን» ካልኩ ባክስላሽና ትንሿ ኤን ማለቴ ነው፤ ትልቁን ፊደል ከፈለግኩ «ትልቁ» ብዬ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ሲኤስቪ ፋይል የሚያነብ ፈንክሽን ጽፌ አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች እንዲመች ብዬ ዶክስትሪንጉ ውስጥ የፋይል አድራሻ ምሳሌ አስገባሁ። ዲ ድራይቭ ላይ «ኒው_ዳታ» የሚባል ፎልደር አለ፣ እሱ ውስጥ «ቴብል» የሚባል ፋይል። ኮዱ በደንብ ይሠራል። በሄልፕ (ዶክስትሪንጉን በሚያሳየው የፓይተን ትእዛዝ) ሳየው ግን አድራሻው ለሁለት ተሰንጥቋል፣ የቀረው ጽሑፍም ወደ ቀኝ ሸሽቷል። ኤዲተሬ ላይ ስከፍተው ደግሞ ሁሉም ልክ ነው። ምን ጉድ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኤዲተርህ የሚያሳይህ አንተ የጻፍከውን ነው። ሄልፕ የሚያሳይህ ግን ፓይተን አንብቦ የተረዳውን ነው። ልዩነቱ ሁሉ እዚህ ጋ ነው።

ብዙ ሰው ዶክስትሪንግን ረዘም ያለ ኮመንት አድርጎ ያስበዋል። አይደለም። በ# የሚጀምር ኮመንትን ፓይተን ዘልሎት ያልፋል፤ ውስጡ የፈለግከውን ብትጽፍ ግድ የለውም። ዶክስትሪንግ ግን እንደማንኛውም ስትሪንግ ይነበባል፤ እስኬፖቹ (ባክስላሽና ተከታዩ ፊደል አብረው የሚሠሯቸው ልዩ ምልክቶች) ይፈታሉ፣ ውጤቱም «__ዶክ__» በሚባለው ቦታ ይቀመጣል። ሄልፕም፣ ኤዲተሮችም፣ ዶክመንቴሽን የሚያመነጩ ፕሮግራሞችም አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት ያንን የተፈታውን ነው።

አሁን ያንተን አድራሻ አብረን እንየው። ከዲ ድራይቭ ቀጥሎ ባክስላሽ አለ፣ ከባክስላሹ ቀጥሎ የ«ኒው» የመጀመሪያ ፊደል ኤን። ሁለቱ ሲገናኙ «\ኤን» ሆኑ፤ ትርጉሙ አዲስ መስመር ነው። ስለዚህ «ዲ:» ላይ መስመሩ ተቆረጠ፣ ኤን የተነጠቀችው «ኒው» ወደ ታች ወረደች። ቀጥሎ ያለው ባክስላሽ ደግሞ ከ«ቴብል» ቲ ጋር ተገናኘና «\ቲ» ሆነ፤ እሱ ታብ ነው። ቲዋም ጠፋች፣ በቦታዋ ባዶ ቦታ ገባ።

ጽሑፉ ለምን ወደ ቀኝ ሸሸ? ይሄኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ዶክስትሪንግ ፈንክሽን ውስጥ ስለሚጻፍ እያንዳንዱ መስመር ፊት አራት ያህል ባዶ ቦታ አለ። ሄልፕ ይህን ለማጽዳት ከመጀመሪያው መስመር በኋላ ያሉትን መስመሮች ያይና ከሁሉም ያነሰው ባዶ ቦታ ስንት እንደሆነ ይለካል፣ ያንን ያህል ከሁሉም ላይ ይቀንሳል። ያንተ የተሰበረች መስመር ደግሞ ፊቷ ምንም ባዶ ቦታ የላትም፤ ከ«\ኤን» በኋላ በቀጥታ ፊደል ነው ያለው። ስለዚህ ትንሹ ልክ ዜሮ ሆነ፤ ከማንም ላይ ምንም አልተቀነሰም። አንዲት ባክስላሽ የአንድ መስመር ብቻ ሳይሆን የገጹን ሁሉ ቅርጽ አበላሸች ማለት ነው። ይህንኑ ዶክስትሪንግ ለስፊንክስ (ከዶክስትሪንግ ድረ ገጽ ለሚሠራው ፕሮግራም) ብትሰጠው ያልጠበቅከው ኢንደንቴሽን አገኘሁ እያለ ይነጫነጭብሃል፣ አንተም ስህተቱን በማይገኝበት ቦታ ስትፈልግ ትውላለህ።

መፍትሔው አንድ ፊደል ነው። ከመክፈቻዎቹ ሦስት ኮቶች (""") በፊት ትንሿን አር ጻፍ። ይሄ ሮው ስትሪንግ ይባላል፤ ፓይተን ባክስላሹን ሳይነካ እንዳለ ይተወዋል። የእኔ ፈጠራ እንዳይመስልህ፣ በ2001 የወጣው የዶክስትሪንግ አጻጻፍ ደንብ፣ ፔፕ 257 የሚባለው፣ ዶክስትሪንግህ ውስጥ ባክስላሽ ካለ አር አስቀድም ብሎ በግልጽ ጽፎታል።

ሌላው መንገድ እያንዳንዱን ባክስላሽ ሁለት ማድረግ ነው (\\)። ይሠራል፤ ግን እኔ አልወደውም። ኮዱን ከፍቶ የሚያነብ ሰው የሚያየው ሁለት ባክስላሽ ነው፣ ሄልፕ የሚያሳየው አንድ ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ልጅ ደግሞ የትኛውን ኮፒ እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ደግሞ በፍጹም አታድርግ፤ አር አስቀድመህ ባክስላሹን ሁለት ብታደርገው ሁለቱም እንዳሉ ይወጣሉ።

እግረ መንገዴን ልንገርህ፣ አንተ ዕድለኛ ነህ። አድራሻህ በሲ ድራይቭ ሥር ባለው «ዩዘርስ» ፎልደር ቢጀምር ኖሮ ፋይሉ ጭራሽ አይነሳም ነበር። ባክስላሽና ትልቁ ዩ ሲገናኙ ፓይተን ስምንት አሃዝ ያለው የዩኒኮድ ቁጥር ይጠብቃል፤ ያገኘው ግን «ሰርስ» ነው። የዩኒኮድ ኤረር ብሎ እዛው ይቆማል። ማንም በማይጠራው ማብራሪያ ምክንያት ፕሮግራሙ በሙሉ አልሠራም ይላል! ኮድ ለጊዜው ለማጥፋት በሦስት ኮት የምትከቡም ልብ በሉ፤ የከበባችሁት ነገር ስትሪንግ ነው፣ ስለዚህ ይሄው አደጋ አለበት።

ለመሆኑ አንድ ምልክት እንዴት ሁለት ሥራ ያዘ? የዩኒክስና የሲ ሰዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባክስላሽን ለእስኬፕ ተጠቅመውበታል። ማይክሮሶፍት ደግሞ በ1983 በዶስ 2.0 ፎልደር ሲያስገባ፣ ዩኒክስ ለፎልደር የሚጠቀምባት / ምልክት ዶስ ላይ ለትእዛዝ ማሟያ ተይዛ ስለነበር ባክስላሽን መረጠ። ያ ምርጫ ነው እስካሁን የሚያጋጨን።

ጥያቄ፦ ፓይተንን ወደ 3.12 ካሳደግኩ በኋላ «ኢንቫሊድ እስኬፕ ሲኩዌንስ» የሚል ዋርኒንግ ይዥጎደጎድብኝ ጀመር። ብዙው ዶክስትሪንግ ውስጥ ያለ ሬጀክስ (ጽሑፍ መፈለጊያ ንድፍ) ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሳስነሳው ደግሞ ግማሹ ይጠፋል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ተወው፣ ፓይተን ራሱ አስተካክሎታል» ይላል። ልተወው? (ከመቀሌ)

መልስ፦ አትተወው። አልተስተካከለም።

ዋርኒንጉ የሚወጣው ፓይተን ፋይሉን ኮምፓይል ሲያደርግ ነው። ኢምፖርት የተደረገ ፋይል አንዴ ኮምፓይል ከሆነ በኋላ ውጤቱ «__ፓይካሽ__» በሚባለው ፎልደር ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከዛ ስለሚነሳ ዋርኒንጉ አይታይም። ቀጥታ የምታስነሳው ፋይል ግን በዚያ አይቀመጥም፣ ለዛ ነው ግማሹ ብቻ የጠፋብህ። ያንን ፎልደር አጥፋና አስነሳው፤ ሁሉም ተመልሶ ይመጣል።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ2016 መጨረሻ የወጣው ፓይተን 3.6 ጀምሮ ዋርኒንጉ ነበር፤ ግን በነባሪው አብዛኛውን ጊዜ ከሚደበቁት ዓይነት ነበር። በጥቅምት 2023 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 3.12 ሲወጣ የሚታይ አደረጉት። ወደፊት ደግሞ ሙሉ ኤረር እንደሚሆን ተናግረዋል። ያኔ ዛሬ የተውከው ዶክስትሪንግ ፕሮግራምህን ያቆመዋል።

አሁን ዋናውን ነገር ስማኝ። ይህ ዋርኒንግ የሚይዝልህ ብዙም የማይጎዱትን ነው። «\ዲ» ወይም «\ኤስ» ፓይተን የማያውቃቸው እስኬፖች ናቸው፤ ስለማያውቃቸው ባክስላሹን እንዳለ ይተውና ዋርኒንግ ያወጣል፣ ጽሑፍህ ግን አይበላሽም። ሬጀክስ ውስጥ የቃል ድንበር የሚያሳየው «\ቢ» ግን ፓይተን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ባክስፔስ ነው። ያለ አንዳች ዋርኒንግ ይቀይርልሃል። «\ኤን»፣ «\ቲ»፣ «\ኤፍ»፣ «\ኤ» ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ «ዋርኒንግ የለም» ማለት «ዶክስትሪንጌ ደህና ነው» ማለት አይደለም፤ እንደውም በጣም የተበላሸው ዝም ያለው ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ሊንተር፣ ማለትም ኮዱን ሳያስነሳ ስህተት የሚፈልግ ፕሮግራም፣ ተጠቀም። ረፍ (በአር የሚጀምረው) ሁለት ደንብ አለው። ደብልዩ605 የሚባለው ፓይተን የማያውቃቸውን እስኬፖች ብቻ ይይዛል። ዲ301 ግን ባክስላሽ ኖሮት አር ያልቀደመውን ዶክስትሪንግ ነው የሚፈልገው፤ «\ቢ»ም «\ኤን»ም አያመልጡትም። እኔ ሁለቱንም አብሩ ነው የምለው፤ አንዱን ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ ግን ለዶክስትሪንግ ዲ301።

ጥያቄ፦ ዶክስትሪንጌን በኤፍ ስትሪንግ ጽፌ የቨርዥኑን ቁጥር ራሱ እንዲያስገባ ብፈልግስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይሆንም። ኤፍ ካስቀደምክ ፓይተን እንደ ዶክስትሪንግ አይቆጥረውም፣ «__ዶክ__» ባዶ (ነን) ይሆናል። አርና ኤፍን አንድ ላይ ብታደርግም ያው ነው። ቁጥሩን ለዶክመንቴሽን ማመንጫው ተወው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የስታቲስቲክስ ተመራማሪ ነኝ። ፈንክሽኖቼ ውስጥ ቀመሩን በላቴክ (በሂሳብ ቀመር መጻፊያው ቋንቋ) እጽፋለሁ። አንዳንዱ ግሪክ ፊደል በደንብ ይወጣል፣ አንዳንዱ ይጠፋል፣ አንዱ ደግሞ ፋይሉን ጭራሽ አላስነሳ አለኝ። አር ካስቀደምኩ በኋላ ሄልፕ ተስተካከለ፤ በስፊንክስ የሠራሁት ድረ ገጽ ላይ ግን ከቀመሩ ውጭ የጻፍኳቸው ባክስላሾች አሁንም ይጠፋሉ። (ከጎንደር)

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ሁለት ነው፣ ሁለቱም የሚገርሙ ናቸው።

መጀመሪያ ግሪኮቹ። ማን ተርፎ ማን እንደጠፋ የሚወስነው ከባክስላሹ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነው። ሲግማ፣ ላምዳ፣ ጋማ፣ ሚዩ፣ ፓይ፣ እነዚህ የሚጀምሩባቸው ፊደላት ፓይተን ዘንድ እስኬፕ አይደሉም፤ ስለዚህ ዋርኒንግ ቢያወጣም ይተርፋሉ። ቤታ በቢ ስለሚጀምር ባክስፔስ ይሆናል። ቴታና ታው ታብ ይሆናሉ። ኒዩ አዲስ መስመር ትከፍታለች። አልፋ በድሮ ተርሚናል ደወል የሚያስጮኸው ምልክት ይሆናል። ሮ ደግሞ የባሰች ናት፤ «\አር» ጠቋሚውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሰዋል። በፕሪንት ተርሚናል ላይ ስታወጪው ከሮ በኋላ ያለው ጽሑፍ ተመልሶ የመስመሩን መጀመሪያ ይደፍናል። ክፍልፋይ የምትጽፊበት «ፍራክ» የሚለው ትእዛዝም ከዚሁ አላመለጠም፤ «\ኤፍ» የገጽ መቀየሪያ ነው።

ፋይሉን ያላስነሳሽ ክሲ ሳትሆን አትቀርም። በኤክስ ነው የምትጻፈው፤ ከ«\ኤክስ» በኋላ ፓይተን ሁለት የሄክሳዴሲማል አሃዝ (ከ0 እስከ 9 ወይም ከኤ እስከ ኤፍ ያለ) ይፈልጋል፣ «አይ» ደግሞ አሃዝ አይደለችም። ኡፕሲሎንም በዩ ስለምትጀምር እንደዚሁ ታደርጋለች። ሁሉንም አር ይፈታልሻል። ሳይፓይ ውስጥ ያለውን የስታትስ ክፍል ኮድ ከፍተሽ እዪ፤ ቀመር ያለባቸው ዶክስትሪንጎች በአር ነው የሚጀምሩት። ከዛ የተሻለ አርአያ የለም።

አሁን ሁለተኛው። ፓይተን ባክስላሹን ቢተወውም ስፊንክስ የሚያነበው ጽሑፍ ሪስትራክቸርድቴክስት የሚባል የራሱ ቋንቋ ነው፣ እሱም ዘንድ ባክስላሽ እስኬፕ ነው። ተራ አረፍተ ነገር መሃል «\ዲ» ብለሽ ብትጽፊ ባክስላሹን ይበላና «ዲ»ን ብቻ ያወጣል። ማለትም ጽሑፍሽ ሁለት አንባቢ አለው፤ መጀመሪያ ፓይተን፣ ቀጥሎ ስፊንክስ። አር የሚከላከልልሽ ከመጀመሪያው ብቻ ነው። ለሁለተኛው ባክስላሽ ያለበትን ነገር በሁለት ባክቲክ (``) ክበቢው፤ እዛ ውስጥ ምንም አይነካም። ቀመሩን ደግሞ በማዝ ሮል (በስፊንክስ የቀመር መጻፊያ ምልክት) ውስጥ አድርጊው፤ እዛም እንዳለ ይቀራል፣ ለዛ ነው ቀመሮቹ ያልተበላሹብሽ። አንዳንዱ ሰው ባክስላሹን አራት እያደረገ ሁለቱንም አንባቢ ለማለፍ ይሞክራል። እባካችሁ፣ እንደዛ የተጻፈ ዶክስትሪንግ ከነጭራሹ ባይጻፍ ይሻላል፤ ማንም ሰው ኮዱ ላይ ሊያነበው አይችልም።

ዶክቴስት (ዶክስትሪንግ ውስጥ ያሉ ምሳሌዎችን እያስነሳ የሚፈትነውን የፓይተን መሣሪያ) የምትጠቀሙም ካላችሁ ምክሩ ያው ነው። ምሳሌያችሁ ውስጥ «\ኤን» ያለበት ፕሪንት ካለ፣ ያለ አር መስመሩ ምሳሌው መሃል ይሰበርና ፈተናው ይወድቃል። ሰዎች ፈንክሽናቸው የተበላሸ እየመሰላቸው ይጨነቃሉ፤ የተበላሸው ግን ምሳሌው ነው።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ጽሑፍ የሚያጸዳ ፈንክሽን አለኝ። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይቀይራል። ሬጀክሱ ላይ ፊደሎቹን በዩኒኮድ ቁጥራቸው ነው የጻፍኳቸው፣ አር አስቀድሜ፣ በደንብ ይሠራል። ዶክስትሪንጉ ላይ ግን አር ሳስቀድም ፊደሉ ሳይሆን «\ዩ1200» የሚለው ራሱ ይወጣል። ለምን አንዱ ሠርቶ አንዱ እምቢ ይላል? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሥራህም የሚያስፈልገን ሥራ ነው።

አር ካስቀደምክ ፓይተን «\ዩ1200»ን ወደ ሀ አይቀይረውም፤ ስድስት ተራ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ይሄ በሬጀክሱም በዶክስትሪንጉም እኩል ነው። ልዩነቱ ቀጥሎ የሚመጣው አንባቢ ነው። ሬጀክሱን የሚቀበለው የሬጀክስ ሞጁል ከፓይተን 3.3 ጀምሮ እነዚህን የዩኒኮድ እስኬፖች ራሱ መፍታት ይችላል። ፓይተን የተወውን እሱ ይጨርስልሃል። ከዶክስትሪንጉ ኋላ ግን እንዲህ ያለ ሠራተኛ የለም፤ ሄልፕ የተሰጠውን እንዳለ ያወጣል።

እና ምን ላድርግ ካልክ፣ ፊደሉን ራሱን ጻፈው። ሀ በል፣ ሐ በል። ፓይተን 3 ፋይልህን ያለ ምንም ተጨማሪ መስመር በዩቲኤፍ 8 ነው የሚያነበው። በፓይተን 2 ጊዜ ፋይሉ ራስ ላይ ኢንኮዲንጉን ካላሳወቅክ ያስቸግር ስለነበር ብዙ ሰው ፊደሎቹን በቁጥር መጻፍ ለመደ፣ ልማዱም እስከ ዛሬ ዘለቀ። ግን አስበው፤ ፈንክሽንህን የሚያነበው የግዕዝ ፊደል የሚያውቅ ሰው ነው። «1210 ወደ 1200 ይቀየራል» ከሚለውና «ሐ ወደ ሀ ይቀየራል» ከሚለው የቱ ይገባዋል? ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ አሁንም በቁጥር የምንደብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ቁጥሩ ራሱ የግድ ካስፈለገ፣ ለምሳሌ ጸ 1338 እንደሆነና ፀ 1340 እንደሆነ ማሳየት ከፈለግክ፣ ባክስላሽ የሌለበትን «ዩ+1338» የሚለውን አጻጻፍ ተጠቀም። የዩኒኮድ ሰዎች ራሳቸው የሚጽፉት እንደዛ ነው፤ አርም አይነካው፣ ስፊንክስም አይነካው።

ጥያቄ፦ በዩኒቨርሲቲ ጃቫ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በኮመንት ውስጥ የሲ ድራይቭን «ዩዘርስ» ፎልደር ሁሉንም በትንሽ ፊደል ጽፈው ኮምፓይለሩ ስህተት አለ ይላቸዋል። ኮመንት ኮምፓይል አይደረግም ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ምን ልበላቸው? (ከጅማ)

መልስ፦ መምህር፣ ያስተማሩት ልክ ነው፤ ጃቫ ግን አንድ ለየት ያለ ነገር አለው። ኮምፓይለሩ ኮመንቱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ከመለየቱ በፊት ፋይሉን ከላይ እስከ ታች አይቶ የዩኒኮድ እስኬፖችን ሁሉ ይፈታል። ባክስላሽና ትንሿ ዩ አብረው ካገኘ ኮመንት ይሁን አይሁን ገና አያውቅም፤ አራት የሄክሳዴሲማል አሃዝ ይጠብቃል፣ ካጣ ይቆማል። ትልቁ ዩ ቢሆን ግን ምንም አይልም፤ ለዚህ ነው አንዱ ተማሪ ላይ ደርሶ ሌላው ላይ የማይደርሰው። ክፍል ውስጥ ለማሳየት የሚመች ነገር አለ፤ በሁለት ስላሽ (//) የሚጀምር ኮመንት መሃል «\ዩ000ኤ» ብለው ይጻፉ። እሱ የአዲስ መስመር ቁጥር ስለሆነ ኮመንቱ እዛው ያልቃል፣ ከሱ በኋላ ያለው ጽሑፍ እንደ ኮድ ይነበባል።

ጃቫ ዶክስትሪንግ ላይ እንደ ፓይተን አር የሚባል ነገር የለውም። ጃቫዶክ (ከጃቫ ኮመንት ድረ ገጽ የሚያመነጨው ፕሮግራም) ላይ አድራሻው የግድ በባክስላሽ መታየት ካለበት በባክስላሹ ቦታ የኤችቲኤምኤል ምልክቱን \ ያስገቡ፤ ድረ ገጹ ላይ ባክስላሽ ሆኖ ይወጣል፣ ኮምፓይለሩም አይነካውም። ይህን ምልክት ግን @ኮድ በሚለው የጃቫዶክ መለያ ቅንፍ ውስጥ አያድርጉት፤ እዛ ውስጥ ኤችቲኤምኤል አይፈታም፣ \ የሚለው ራሱ ነው የሚታየው። ባክስላሹን ሁለት ቢያደርጉትም ኮምፓይል ይሆናል፣ ገጹ ላይ ግን ሁለት ሆኖ ይታያል። ከሁሉም የሚቀለው ምሳሌውን በ/ መጻፍ ነው፤ ጃቫ ዊንዶውስ ላይም ይቀበለዋል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ኮከብና ስላሽም (*/) ያስጠንቅቋቸው። ኮመንቱን የሚዘጋው እሱ ነው። ማንኛውንም ፎልደር የሚወክል የፋይል ንድፍ በሁለት ኮከብና በስላሽ ስለሚጻፍ፣ ኮመንት ውስጥ ምሳሌ ብለው ሲያስገቡት ኮመንቱ መሃል ላይ ይዘጋል። ጃቫስክሪፕት የሚሠሩትም በጄኤስዶክ ውስጥ ይኸው ያጋጥማቸዋል። በጃቫዶክ ከሆነ ስላሹን በ/ ይተኩት።